ፋይል የማያስደብቅ ሱፐርቪዥን፦ ትራውማ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ለምትከታተሉ

አንድ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ «ነገ ሱፐርቪዥን አለ» ብላችሁ ውጡ። ከዛ ሰዉ እንዴት እንደሚሯሯጥ ተመልከቱ። መዝገብ ይሞላል፣ የተላጠው ፖስተር ይቀየራል፣ ሦስት ወር ያልተፈረመው ፎርም በአንድ ሌሊት ይፈረማል። በማግስቱ ላንድክሩዘር ይመጣል። ቼክሊስት የያዙ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ራይት ያደርጋሉ፣ «ግብረ መልስ» ብለው ጉድለት ያነብባሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ አገር ቃሉን ስንሰማ የሚመጣብን ይሄ ነው። ቁጥጥር።

ስለዚህ አንዲት ካውንስለር ወይም የሳይካትሪ ነርስ «ዛሬ ሱፐርቪዥናችን ነው» ስትሏት መጀመሪያ የምታስበው ምን ስህተት እንደተገኘባት ነው። ፋይሉን ታስተካክላለች እንጂ የከበዳትን ይዛ አትመጣም። ቀኑን ሙሉ የምትሰማው የተደፈረች ልጅ፣ ልጇን በጦርነት ያጣች እናት፣ ከአረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች ሴት ታሪክ ከሆነ ደግሞ ይሄ ፍርሃት ዋጋ ያስከፍላል። የሚከፍሉት እሷና ክላየንቷ (የምትረዳት ሰው) ናቸው።

እኔ ሱፐርቪዥን የምለው ልምድ ያላት ባለሙያ ከሌላዋ ጋር በቋሚነት ተቀምጣ ስለምትረዳቸው ሰዎች ጉዳይ (ኬዝ) እና ሥራው ስለሚጥልባት ሸክም የሚነጋገሩበትን ነው። እሱን መስጠት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ያበላሸሁትም ብዙ ነው። የምጽፈው ከዛው ነው። («እሷ» እያልኩ የምቀጥለው እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው፤ ወንዶቹ አትቀየሙ።)

መጀመሪያ መርሁን ባጭሩ። የአሜሪካው የሱስና የአእምሮ ጤና አገልግሎት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ትራውማን፣ ማለትም አሰቃቂ ነገር ሰው ላይ ጥሎት የሚሄደውን ቁስል፣ ያገናዘበ አሠራር ስድስት መርሆች አሉት ብሎ አውጥቷል፦ ደህንነት፣ ታማኝነትና ግልጽነት፣ የእኩዮች ድጋፍ፣ ተባብሮ መሥራት፣ ድምፅና ምርጫ መስጠት፣ እንዲሁም ባህልን፣ ታሪክንና ጾታን ማገናዘብ። ስልጠና ላይ ስላይድ ሆነው ሲመጡ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ አልዋሽም። ግን አንዴ ከክላየንቷ ላይ አንሷቸውና ባለሙያዋ ላይ አድርጓቸው። እናንተ ጋ ስትመጣ ደህንነት ይሰማታል? ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች? «ይሄን ዛሬ ማውራት አልፈልግም» ማለት ትችላለች? ካልቻለች ክላየንቷን «ምርጫው ያንቺ ነው» ስትላት ከማንዋል እያነበበች ነው።

የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው ቀን ኬዝ አይወራበትም። ውል ነው የሚገባበት። ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከሁሉም በላይ ሦስት ነገር ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ እዚህ የሚወራው የት ድረስ ምስጢር ነው? የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆንና ክላየንት በባለሙያ ሲጎዳ ምስጢር እንደማይሆን ቀድማችሁ ንገሯት፣ ችግሩ ከመጣ በኋላ አይደለም። ሁለተኛ፣ እናንተ የምትጽፉትን ማስታወሻ ማን ያየዋል? ሦስተኛ፣ የሥራ አፈጻጸሟን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ ወይ?

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ፌዴሬሽን የሥነ ልቦና ድጋፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው የሱፐርቪዥን መመሪያ የቅርብ አለቃነትና ሱፐርቫይዘርነት ቢነጣጠሉ ይመረጣል ይላል። ትክክል ነው። እኛ ጋ ግን ባብዛኛው አይነጣጠልም። አንዷ ሲኒየር ሳይኮሎጂስት አስተባባሪም፣ ሱፐርቫይዘርም፣ አንዳንዴ የነዳጅ ኩፖን ፈራሚም ናት። እንዲህ ከሆነ አትደብቁት። «አፈጻጸምሽን የምሞላው እኔ ነኝ። እዚህ የምትነግሪኝ ድካምና ጥርጣሬ እዛ አይገባም። ክላየንት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ከሆነ ግን ዝም አልልም፤ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው» በሏት። ወዲያው አታምናችሁም። ልክ ናት። እምነት በቃል አይመጣም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትፈትናችሁ ነው የሚመጣው።

እዚሁ ውል ላይ የማስገባት አንድ ጥያቄ አለች፦ «ልትወስጂው የማትፈልጊው ዓይነት ኬዝ አለ? ምክንያቱን መንገር አይጠበቅብሽም።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሱ። የባለሙያዋን የራሷን ታሪክ ማወቅ መብታችሁ አይደለም።

ሰዓቱ ቋሚ ይሁን። በሁለት ሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት፣ ጀማሪ ከሆነች በየሳምንቱ። «ድንገት ስብሰባ ገባሁ» እያሉ መሰረዝ ትንሽ ነገር ይመስላል። እሷ ግን የምትሠራው «ነገ እመጣለሁ» ብለው ከቀሩባቸው ሰዎች ጋር ነው፤ እናንተም ስትቀሩ ነገሩ ይደጋገማል። መቅረት ግድ ከሆነ ራሳችሁ ደውሉ፣ ምትክ ቀኑንም እዛው ያዙ። በሩ ይዘጋ። ሻይ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ይምጣ። ሰው እንባው ዓይኑ ላይ ሲደርስ ስኒ ይዞ ብቅ የሚል ሰው ምን እንደሚያደርግ ሥራው ላይ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

«ከዛስ? ከዛስ?» አትበሉ

ትልቁ ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። አንዲት ጎበዝ ካውንስለር ከባድ ኬዝ ይዛ መጣች (ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)። እኔም ትጉህ ሱፐርቫይዘር ልሁን ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገርኳት። መቼ? የት? ምን አላት? ከዛስ? ድምጿ እየቀዘቀዘ ሄደ። በስተመጨረሻ ዜና እንደሚያነብ ሰው ሆነች። እኔ ተረጋግታ መስሎኝ። የነጠላዋን ጫፍ እየፈተለች፣ እየፈታች፣ መልሳ እየፈተለች እንደነበር የታወሰኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው። ቀጣዩን ሱፐርቪዥን አልመጣችም። ከዛ ቀጥሎ ያለውንም።

ዝርዝር መስማት ራሱ ይጎዳል። ይሄ የደካማ ሰው ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር መመርመሪያ መጽሐፍ በሥራ ምክንያት የአሰቃቂ ክስተትን ዝርዝር ደጋግሞ መስማት ለድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕመም ሊያጋልጡ ከሚችሉት መንገዶች አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። እሷ ሰምታለች። እናንተ ስታስደግሟት ለሁለተኛ ጊዜ ትሰማለች፣ እናንተም ትጨመራላችሁ። በቡድን ከሆነ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚጫንበት ሰው ስድስትና ሰባት ይሆናል።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ርዕሱን ብቻ እጠይቃለሁ፤ «በሁለት ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው?» ከዛ ከኔ ምን እንደምትፈልግ፤ ውሳኔ ላይ ተቸግራ ነው፣ አካሄዷን ልታሳየኝ ነው ወይስ ከብዷት ነው? ዝርዝር የምንገባው ለውሳኔው የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ ነው። መጠለያ መቀየር አለባት ወይ የሚለውን ለመወሰን ሰውዬው አድራሻውን ያውቃል ወይ የሚለውን ማወቅ አለብኝ። ምን እንዳደረጋት በቅደም ተከተል ማወቅ አያስፈልገኝም። አንዳንዴ ግን አንድ ቃል ወይም አንድ ምስል ተለጥፎባት አልለቅ ይላል። ያኔ «ከሰማሽው ውስጥ አብሮሽ ቤት የገባው የቱ ነው?» እላለሁ። ያን አንዱን እንሰማለን። በቡድን ሲሆን ከባድ ነገር ከመናገሯ በፊት ታስጠነቅቃለች፣ መውጣት የፈለገ ይወጣል፣ ማንም ለምን ወጣህ አይባልም።

ያቺ የቀረችው ካውንስለር በሦስተኛው ቀጠሮ መጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ያጠፋሁትንም በስሙ ጠርቼ ነገርኳት። ግራ ተጋባች፤ ሱፐርቫይዘር ይቅርታ ሲል አልሰማችም መሰለኝ። እናንተም ስታጠፉ እንዲሁ አድርጉ፣ ግን አጭር ይሁን። ረጅም ይቅርታ እናንተን ወደ ማጽናናት ይወስዳታል።

«ምን ተሰማሽ?» የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ አይሠራም

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማንዋል ሁሉ ስሜቷን ጠይቁ ይላል። ጠይቁና እዩ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አለቀ። ሆድ ይፍጀው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ አማካሪ ሆነን ሌላውን «አውጪው» እያልን እንኳ የራሳችን ሲሆን እንውጠዋለን። በዛ ላይ ይሉኝታ አለ፤ እናንተ ታላቋ ናችሁ፣ አለቃ ናችሁ፣ ዶክተር እያለች ነው የምትጠራችሁ።

በጎን ግቡ። «ያን ቀን ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ምን አደረግሽ?» «ራት በላሽ?» «እንቅልፍስ?» የኛ ሰው ጭንቀቱን የሚናገረው በአካሉና በቤቱ ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሆዴ ይባባል። ልጅቷን ራት ብዬ ስጠይቃት ለሳምንት ያህል ዳቦ በሻይ እየበላች እንደሰነበተች ነገረችኝ። ለምን? ቤቷ የላምባ ምድጃ ነው ያላት። የክላየንቷ ታሪክ ውስጥ የላምባ ሽታ ነበር። ምድጃውን ለመለኮስ እጇ እምቢ አለ። ይሄን «ምን ተሰማሽ» ብዬ አንድ ዓመት ብጠይቃት አላገኘውም ነበር።

ከቃል ውጪ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። አንዲት ክላየንት ብቻ ሁልጊዜ ቀጠሮዋ ይሸጋገራል። ፋይሉ ባዶ ይሆናል፣ ወይም በተቃራኒው ስድስት ገጽ ይጻፋል። ወይ ደግሞ ባለሙያዋ ከልክ በላይ ትገባበታለች፤ የግል ስልኳን ትሰጣለች፣ ከኪሷ ትራንስፖርት ትከፍላለች፣ እሁድ እሁድ ትጠይቃታለች። ይሄኛውን ብዙ ሰው ደግነት ብሎ ያልፈዋል። ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ግን «እኔ ከሌለሁ ትሞታለች» የሚል ሐሳብ ከሥሩ ካለ አደጋ ነው። ሌላው ዓለምን የምታይበት መነጽር ሲቀየር ነው። ልጇን ሱቅ መላክ ታቆማለች፣ ታክሲ ውስጥ ወንድ አጠገቧ ሲቀመጥ ትወርዳለች፣ «ሰው ማመን ድሮ ቀረ» ማለት ታበዛለች። ድካም ብቻ ቢሆን ዕረፍት ይመልሰው ነበር። ይሄኛው በዕረፍት ብቻ አይመለስም።

ሠላሳ ጥያቄ ያለው፣ ያለፉትን 30 ቀናት የሚጠይቅ የሙያ ሕይወት ጥራት መጠይቅ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጥሩ ነው። የሥራውን ደስታም ስለሚጠይቅ እወደዋለሁ። ግን ራሷ ትሙላው፣ ራሷ ትያዘው፣ ልታወራበት የፈለገችውን ቁጥር ብቻ ታንሳ። ወደ ሰው ሀብት ክፍል የሄደ ቀን የሚሞላው በውሸት ነው።

እናንተም ላይ የሚታይ ነገር አለ። አንዱ ባለሙያ ሱፐርቪዥን ላይ በአንድ ቃል ብቻ መመለስ ጀመረ። «እሺ።» «ልክ ነው።» እኔም እየተናደድኩ ምክር አበዛሁ። አንዱን ስለው እሺ፣ ሌላውን ስለው እሺ። ቆም ብዬ «ክላየንትህ እንዴት ነው የሚመልስልህ?» አልኩት። ሳቀ። «እንዲሁ ነው፤ እኔም እንዳንቺ ምክር አዘንብበታለሁ» አለኝ። በክላየንቱና በባለሙያው መሀል ያለው ነገር ተነስቶ ሱፐርቪዥን ክፍሉ ውስጥ ራሱን ይደግማል። ይሄ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሙያው የታወቀ ነው። እና ያልተለመደ ንዴት፣ እንቅልፍ ወይም «እኔ ነኝ የማድናት» የሚል ግለት ሲመጣባችሁ ጥያቄ አድርጋችሁ ወደ ጠረጴዛው አምጡት።

ጦርነቱ የሁላችንም ሲሆን

ውጭ የተጻፉት መመሪያዎች ባለሙያዋ ከአደጋው ውጭ ቆማ የምትረዳ ሰው አድርገው ነው የሚያስቡት። በጥቅምት 2013 ጀምሮ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም የዘለቀውን የሰሜኑን ጦርነት አስቡ። መቀሌ፣ ደሴ፣ ወልዲያ ሆና ሰው ስትረዳ የነበረች ነርስ ራሷ ተፈናቅላለች፣ ስልክ ተቋርጦ የእናቷን ድምፅ ለወራት አልሰማችም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ሌላ ቦታ ሌላ ግጭት አለ። ክላየንቷ የምትናገረው የእሷኑ ሰፈር ነው። አንዳንዴም ክላየንቷ እየረገመች ያለችው ባለሙያዋ የምትወለድበትን ወገን ነው።

ይሄን ዝም ብሎ ማለፍ ትልቁ ስህተት ነው። የብሔር ነገር ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ አየሩ ይለወጣል፣ ሁሉም ወለል ያያል። ሱፐርቫይዘሩ ቀድሞ ይክፈተው፦ «እንዲህ ዓይነት ነገር ሲነገር አንቺ ላይ የሚያርፍበት መንገድ ይኖራል። ማውራት ከፈለግሽ እዚህ ይቻላል። ኬዙ ወደ ሌላ ይተላለፍ ካልሽም ውድቀት አይደለም።» የናንተም ስም፣ የናንተም ቋንቋ ለእሷ የሚናገረው ነገር እንዳለ አትርሱ። ስለ ፖለቲካው ማን ልክ ነው ወደሚል ክርክር ከገባችሁ ግን ሱፐርቪዥኑ ሞተ። ቀኑን ቀይሩና ሌላ ጊዜ ጀምሩ።

የራሷ ቁስል ከተከፈተስ? ሕክምና አትጀምሩላት። ይሄ ፈተና ነው፣ ምክንያቱም ሙያችሁ ነው፣ እጃችሁ ይበላችኋል። አቁሙ፣ ውሃ ስጡ፣ እግሯ መሬት መንካቱን፣ የት እንዳለች፣ ዛሬ ማን ቤት እንደምታድር አረጋግጡ። መለያ ጥያቄው «ይሄ ከክላየንትሽ ጋር ያለሽን ሥራ እንዴት ነው የሚነካው?» ነው። እሱን እናንተ ጋ ሥሩት። የቀረው የራሷ ቴራፒስት ጋ ይሂድ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ውጭ ያሉ የሁለት ሦስት ባለሙያዎች ስልክ ቀድማችሁ ያዙላት።

ደግሞ ለስላሳ መሆን ብቻ አይደለም። ስህተት ይነገራል። «እዚህ ጋ ስተሻል፤ ፍርድ ቤቱ ይፈርድልሻል ብለሽ ቃል መግባት አልነበረብሽም። በሚቀጥለው እንዴት እንደምታስተካክይው አሁን አብረን እንለማመደው።» ለብቻዋ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይጮህ። በተለይ ራስን ስለማጥፋት ጠይቃ እንደሆነ ሁልጊዜ አጣሩ። ብዙዎቹ አይጠይቁም፤ ሟርት ይመስላቸዋል፣ አፍ ያመጣዋል ይላሉ። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፣ ይልቅ ያቀልላል። አፏ እስኪፈታ እናንተ ክላየንት ሁኑና እሷ ትጠይቃችሁ። እንዲህ ዓይነት አደጋ ያለበት ኬዝ ቀጠሮ አይጠብቅም፣ በማንኛውም ሰዓት ትደውላለች፣ ያኔ ምርጫ መስጠት የለም፤ ምን እንደምታደርግ ቁርጥ አድርጋችሁ ትነግሯታላችሁ።

ክላየንት ሞቶ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ደርሶ ከሆነ ሁሉንም በክበብ ሰብስቦ ያዩትን በዚያው ቀን ማስነገር አሁንም ይደረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ቤት የሚያደርስ መኪና፣ የሚበላ ነገር፣ የነገውን ቀጠሮ የሚሸፍን ሰው፣ በማግስቱ አንድ ስልክ። በቃ።

በስልክ ለምትሠሩ ሁለት ነገር ብቻ። ቴሌግራም ላይ የክላየንት ስም አይጻፍ፣ በኮድ ይሁን። መስመር ሲቋረጥ መልሶ የሚደውለው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ከባድ ነገር እየተናገረች መሀል ላይ የተቋረጠባት ሰው ዝምታውን እንዴት እንደምትተረጉመው አታውቁም።

አለቆች ይሄን ካነበባችሁ፦ «ራስን መንከባከብ» ተብሎ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን መሄድ ደስ ይላል፣ አበሉም አይጠላም። ሰኞ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ ያው በቀን ዘጠኝ ሰው ከጠበቃት ግን ምንም አልተደረገም። ኬዝ ቀንሱ። ከባዶቹን አከፋፍሉ። ፈቃድ ስትጠይቅ አታሳፍሯት። ሱፐርቫይዘሯም ሱፐርቫይዘር ይኑራት፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ የምደውልላት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፣ እሷ ባትኖር ይሄን ሥራ ትቼው ነበር።

የመጨረሻዎቹን አስር ደቂቃዎች አትንኩ። አዲስ ከባድ ነገር አይከፈትባቸውም። የተወሰነውን ታንብብ፣ ቀጣዩን ቀን ትጻፍ፣ ከዚህ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ጠይቋት።

የላምባዋን ልጅ ኬዙን ለሌላ እናስተላልፈው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። አልፈለገችም። የለወጥነው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ ያቺ ክላየንት የቀኑ የመጨረሻ ሆና ልጅቷ ከሷ ጋር ጨርሳ በቀጥታ ቤቷ ነበር የምትገባው። ወደ ጠዋት አመጣናት። ከወር በኋላ «የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ» አለችኝ። መብራት ሲጠፋስ አልኳት።

«ያን ቀን ዳቦ በሻይ» አለችና ሳቀች።